ተዝካርና ስለት

(ስለ ትንንሽ የብረት ፋብሪካዎች የቀረበ ሂስ)

ለጎጃም ገበሬ «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነው። «እህሉን ባቡር አድርሰሽ ተመለሽ» የተባለች ልጅ ወደ ለገሃር አትሄድም፤ በገበያው ዳር «ቱፍ ቱፍ» ወደሚለው የሞተር ወፍጮ ትሄዳለች። ሐዲድ ያልደረሰበት አገር የምድር ባቡርን ስም ከሩቅ ሰምቶ፣ በጭሱም በድምፁም ይመስለዋል ላለው ነገር አወረሰው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝና እኔም ያደግሁት በዚሁ ቋንቋ ነው። ይሁንና ምድር ባቡርን በዓይኔ ከማየቴ ከብዙ ዓመት በፊት በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ከነብረት ማቅለጫ ፋብሪካው፣ ከቆርቆሮ፣ ከሸምበቆና ከጭቃ። የዚህ ጽሑፍ ነገር የሚነሣው ከዚያ ነው።

መቼም በአገራችን ሂስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ልቦለድ ነው፤ ቀጥሎ ግጥም፣ ቴአትር፣ ሲበዛ ሥዕል። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ የፋብሪካ አምሳያ ሂስ ምን ያደርግለታል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ሁሉ መራጭ ነው። ይህ ይግባ፣ ያ ይቅር ይላል። የገባውና የቀረው ነገር ደግሞ ስለ ሠሪው ብቻ ሳይሆን ስላሳደገው ማኅበረሰብም ይናገራል። ምርጫ ባለበት ሐያሲ ሥራ አይፈታም።

ምድር ቤቱ ውስጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኅቴን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ አቅራቢያ ሄጄ ነበር። ጎረቤቷ ከብረት ፋብሪካ ሥራ በጡረታ የተገለሉ አዛውንት ናቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ወንድምዓለም፣ አንተ እንግዳ ነገር ማየት ትወዳለህ፤ ተነሥ» ብላ ወደ እሳቸው ቤት ወሰደችኝ። ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ አዛውንቱ መጀመሪያ መብራቱን አጠፉ። በወገብ ከፍታ በተዘረጋ ሰፊ ገበታ ላይ አንድ ቀይ ብርሃን ቦግ አለ፤ የማቅለጫው እቶን አፍ ነው። አንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭ በጎኑ የተጋደመ በርሜል የመሰለ ፉርጎ እየጎተተች ከእቶኑ ሥር ገባች፤ «የቀለጠውን ብረት» ተቀብላ ወጣች። የቀለጠ ብረት አልነበረም፤ አምፖልና ቀለም የተበጠበጠበት ሙጫ ነው። ቢሆንም ሳላስበው እጄን ሰብሰብ አደረግሁ።

የሞዴል ባቡር ወዳጆች የብረት ፋብሪካን ለምን እንደሚወዱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ቶን ብረት ለማውጣት ከአንድ ቶን ተኩል በላይ የብረት ማዕድን፣ ግማሽ ቶን ያህል ኮክ የሚባለው በዝግ ምድጃ የተጠበሰ የድንጋይ ከሰል፣ በዚያ ላይ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሐዲድ ይገባል። የቀለጠው ብረት በሐዲድ ወደ አረብ ብረት መሥሪያው ይሄዳል። ከቀለጠው ብረት ላይ ተንሳፎ የሚቀዳው የብረት አር በሐዲድ ተወስዶ በሌሊት ሲደፋ ሰማዩን ያቀላል። ተዳምጦ ያለቀለት ላሜራም የሚወጣው በሐዲድ ነው። ብዙ ሰው በገበታ ላይ ባቡር ያዞራል፤ ባቡሩ ግን ምን ጭኖ ለማን እንደሚሄድ አይታወቅም። የብረት ፋብሪካ ሲገባበት ባቡሩ የሚሄድበት ምክንያት ያገኛል። ልቦለድ ውስጥ ገጸ ባሕርይ የሚፈልገው ነገር ሲኖረው እንደማለት ነው።

የአዛውንቱ ሥራ ልኩ 1 ለ87 ነው። በዚያው ከተማ አጠገብ፣ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር ዛሬም የቆሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠሩት የኬሪ እቶኖች ቁመታቸው 28 ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ልክ 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሙሉ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ስፋቱ ላይ ነው። 3 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ፋብሪካ በዚሁ ልክ ልሥራ የሚል ሰው ከ34 ሜትር በላይ የሚረዝም ክፍል ይፈልጋል። ይህን ያህል ምድር ቤት ያለው ማን ነው? ስለዚህ ይቆረጣል። አምስት እቶን የነበረው አንድ ይሆናል፤ ብዙ ክፍል የነበረው የኮክ ምድጃ ጥቂት ክፍል ይበቃዋል። ዓይን ግን «ጎደለብኝ» አይልም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። የቅኔ አገር ልጅ ነኝና ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ጉባኤ ቃናም በሁለት ቤት ሰፊ ታሪክ ሲቋጥር የሚሠራው እንዲሁ ነው። ያልተነገረው በተነገረው ውስጥ ይሰማል፤ ባለቅኔው ምን መተው እንዳለበት ካላወቀ ግን ሁለቱም ቤት ባዶ ይቀራሉ።

ይህ የአንድ ጡረተኛ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የራሱ ጽሑፍና ገበያ አለው። ዲን ፍሬይታግ ስለ አረብ ብረት ታሪክ፣ አሠራርና ሞዴል የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዎልተርስ የሚባለው የሞዴል ኩባንያም በዚያው ዘመን እቶኑን፣ የኮክ ምድጃውንና የብረት ማዳመጫውን ቁርጥራጩን በካርቶን አሽጎ ለገበያ አቀረበ። በ2010 ደግሞ በርናርድ ኬምፒንስኪ ለሞዴል ሠሪዎች የሚሆን የብረት ፋብሪካ መመሪያ አሳተመ።

እዚህ ላይ ዘመኑን ልብ ይሏል። በፒትስበርግ ዳርቻ የነበረው ታላቁ የሆምስቴድ ብረት ፋብሪካ የተዘጋው በ1986 ነው። ቦታው ላይ ዛሬ የገበያ አዳራሾች ተሠርተውበታል፤ ከፋብሪካው በረድፍ የቆሙ ጭስ ማውጫዎች ቀርተዋል። በጀርመን አገር የፎልክሊንገን ፋብሪካ በዚያው በ1986 እሳቱ ጠፋ፤ በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፋብሪካው ሞቶ ብዙም ሳይቆይ ሞዴሉ በካርቶን መጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሠሪዎቹ ከሁሉ አብልጠው ለዝገት የሚጨነቁት። ጠመኔ ፈጭተው፣ ቀለም አቅጥነው፣ በቀጭን ብሩሽ ዝገትን እንደ ኩል ይኳሉ። አዲስ የተቀባ እቶን አያምራቸውም። የሚሠሩት የሚያውቁትን፣ ከእጃቸው የወጣውን ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ ስም ላውጣለት ቢሉኝ ተዝካር እለዋለሁ። ሟቹ ሲታወስ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ስለ ሟቹም ክፉ አይነሣም።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። በተዝካር ላይ የሟች ጥፋት አይቆጠርምና በእነዚህ ገበታዎች ላይ የፋብሪካው በደል አይታይም። በሆምስቴድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1892 ሥራ ያቆሙ ሠራተኞችና ኩባንያው የቀጠራቸው የታጠቁ ጠባቂዎች ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። ይህን በካርቶን አሽጎ የሚሸጥ የለም። ከፎቶግራፍ ጥበብም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንትና ሂላ ቤኸር የአውሮፓንና የአሜሪካን እቶኖች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ሥራቸው ታላቅ ነው፤ ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር እቶኑ እንደ ሐውልት ብቻውን ይቆማል። ሰው ግን የለበትም። እቶኑን የሚያህል ሰው የለምና ሰው ቢገባበት ዓይን ወደ ሰውየው ይሄድ ነበር።

ይህንኑ ቅሬታዬን በእኅቴ አስተርጓሚነት ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወደ ገበታው ጫፍ ወስደው የፋብሪካውን በር አሳዩኝ። ከበሩ ውጭ ሠላሳ የሚሆኑ ባለ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሰዎች የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ሌሎች ይገባሉ። «ሰው የሚታየው እዚህ ነበር፤ ውስጥ ሆነን እኛም እርስ በርሳችን አንተያይም» አሉኝ። ቀጥለው ከእቶኑ ጀርባ የቆመ አንድ ግራጫ ቤት አመለከቱኝ። ባቡር አይደርስበትም፤ መብራትም የለበትም፤ አላፊ አግዳሚ አያየውም። አየር መንፊያ ቤቱ ነው። ከዚያ የተነፋው አየር ረጃጅሞቹ ማሞቂያዎች ውስጥ ግሎ ከሥር ወደ እቶኑ ይገባል። «ቦታ ሲጠብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ቤት ነው። እኔ ሌላውን ሁሉ ቆርጬ ይህን ተውኩት። አየር ካልገባበት እቶን አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው» አሉ።

እኅቴ ይህን ስትተረጉምልኝ እኔ ፒትስበርግ አልነበርኩም። ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

አገራችን የሠራቻቸው አምሳያዎች

ወደዚያ ክፍል ከመግባቴ በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ልቁም፤ በአገራችን የብረት ሥራ አምሳያ ቢባል ሁሉም የሚያውቀው እዚያ ነውና። በቸርችል ጎዳና አናት፣ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። እውነተኛው መድፍ ያለው መቅደላ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና ባለእጆች ሰብስበው፣ በ1859 ዓ.ም. ያስቀለጡት ነው። ብዙ ሰው ብረት ይመስለዋል፤ ነሐስ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተውን ይህን ጉድ በተራራና በገደል አስጎትተው መቅደላ ያደረሱት መንገድ እያስጠረጉ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ።

የአደባባዩን አምሳያ እንደ ሂስ ሰው ስመለከተው ጥያቄ ይነሣብኛል። መድፉ አለ፤ ጋፋት የለም። የተጎተተበት ጠፍር፣ የጎተተው ሕዝብ፣ የእቶኑ ጭስ፣ የሚነፋው ሰው፣ ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና የተሞከረው ሙከራ አንዱም የለም። የአሜሪካው ጡረተኛ እቶኑን ሠርቶ የእቶኑን ውጤት በሩቅ ተወው፤ እኛ ውጤቱን ሠርተን እቶኑን ተውን። እሱ ያለፈውን ነው የሚያስታውሰው፤ እኛ ግን መድፉን ስናቆም «እንዲህ ያለ ነገር ይኑረን» እያልን ነው። የእኛ አምሳያ ተዝካር ሳይሆን ስለት ነው። ስለት የሚሳል ሰው የሚያስበው ስለሚሰጠው ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ አይጠይቅም።

በጎጃም ይህ ይበልጥ ይታያል። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የወሰዳቸው ባቡር ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ወደ ራሳቸው አገር ግን አልተከተላቸውም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅም መንገዱ ያው ወደ ጅቡቲ ነው። ከአባይ በረሃ ማዶ ላለ ልጅ ሐዲድ ዛሬም በሥዕል የሚታይ ነገር ነው። እንግዲህ በደርግ ዘመን፣ በዚህ ዓይነት ከተማ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተማሪ «የብረት ፋብሪካ ከነባቡሩ» ሥሩ ሲባል ምን ይሠራል?

ወናፉ

በዓሉ የአብዮት በዓል ነበር። ከሶቪየት ኅብረት ይመጣ ከነበረ ባለቀለም መጽሔት ላይ የተቀደደ አንድ ሥዕል ተሰጠን፤ እቶን፣ ጭስ ማውጫ፣ ሐዲድ፣ ቀይ ሰማይ። እቶኑን ከትልቅ የኒዶ ጣሳ ሠራነው። ጭስ ማውጫዎቹ ሸምበቆ ናቸው። ሐዲዱ ሽቦ፣ ከሥሩ የተጋደመው የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ ፉርጎዎቹ የሰርዲን ቆርቆሮ። የእጅ ባትሪ አምፖል በቀይ የከረሜላ ወረቀት ጠቅልለን ጣሳው ውስጥ ከተትን። ከገጠር የመጡ ልጆች «ባቡሩ የታለ?» ብለው ወፍጮውን ሲፈልጉ እንስቅባቸው ነበር፤ እኛም ያላየነውን።

ከእኛ መካከል አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ ለምን እንደሆነ ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ስሙን ልጽፈው አልፈልግም፣ ቃሉ ራሱ ስድብ ነው። ይህ ልጅ አንድ ጠዋት አባቱ በትንሹ ከፍየል ቆዳ የሰፉለትን ወናፍ ይዞ መጣ። አፈሩን በጭቃ ቧንቧ አስረዝሞ ከጣሳው ሥር በቀደደው ቀዳዳ አስገባው፤ ጥቂት የከሰል ፍም ጨመረበትና ይነፋ ጀመር። ጣሳው ቀላ፤ ሸምበቆው ውስጥ ጭስ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ጣሳ እቶን ሆነ። ሁላችንም ዝም ብለን አየን።

የሚቆጣጠረን መምህር መጣና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ምንድነው?»

«እሳቱ እንዲሠራ ነው ቲቸር። አየር ካልገባበት...»

«ይህ የዘመናዊ ፋብሪካ ሞዴል ነው። የቀጥቃጭ ቤት አይደለም። አውጣው።»

አወጣው። ቀዳዳው በጭቃ ተደፈነ፤ አምፖሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ መጡ፤ አምፖሉ በራ፤ ተጨበጨበ። የቀጥቃጩ ልጅ በዕለቱ አልመጣም።

መምህሩን ዛሬ አልወቅሰውም። የታዘዘው ዘመናዊ ነገር እንዲያሳይ ነው፤ ዘመናዊነት ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚያበራ ነገር እንጂ ከገበያ ማዶ፣ ከጭስ ቤት የሚወጣ ነገር ነው ብሎ ማንም አልነገረውም። ነገር ግን በሥራው ላይ ፍርድ ልስጥ ካልኩ ፍርዴ ይህ ነው፦ በዚያ ሞዴል ውስጥ እውነት የነበረው ወናፉ ብቻ ነበር። ፒትስበርግ ያለው የአየር መንፊያ ቤትና የጎጃሙ ቀጥቃጭ ወናፍ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ የሚለያዩት በመጠን ነው። የመጠን ነገር ደግሞ የሞዴል ሠሪ ዋና ሥራ ነው። ልጁ ከሁላችንም በላይ ሞዴል ምን እንደሆነ ገብቶት ነበር። እኛ መልኩን ስንቀዳ እሱ አሠራሩን ቀዳ።

ስለዚህ ጥሩ አምሳያና መጥፎ አምሳያ የሚለዩት እነሱ ላይ ባለው ዝገት ወይም ብርሃን አይመስለኝም። ጥሩ አምሳያ ትንፋሹ በየት በኩል እንደሚገባ ያሳያል። አዛውንቱ ባቡር የማይደርስበትን ቤት ሲተዉት ይህን አድርገዋል፤ ለዚህ ነው ሥራቸው ተዝካር ቢሆንም ሕይወት ያለው። የእኛ ሞዴል ስለት ሆኖ የቀረው ትንፋሹን በጭቃ ስለደፈንበት ነው። በቴዎድሮስ አደባባይም አንድ ቀን ከመድፉ ጎን አንድ ወናፍ የሚነፋ ሰው ቢቆም መድፉ አያንስም፤ ይበልጥ ይከብዳል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲተው በአዋጅ አዝዘው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ገበያ ወጣሁ። ቀጥቃጮች ያረጀ የመኪና ባሌስትራ አግለው ማረሻ ያወጣሉ። ከሩቅ አገር እቶን የወጣ አረብ ብረት፣ በጭነት መኪና ሥር አባይ በረሃን ብዙ ጊዜ ወጥቶ ወርዶ፣ በመጨረሻ በወናፍ እሳት ማረሻ ሆኖ ወደ ጤፍ ማሳ ይገባል። የጮቄ ሥር ገበሬ ይህን ማረሻ ሳይገዛ አያርስም፤ ከሠራው ሰው ጋር ግን ማዕድ ለመቅረብ ዛሬም የሚያመነታ አለ። የብረት ፋብሪካ አምሳያ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ካለ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ቦታ ይህ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሂሴ ጎዶሎ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀዳዳውን በጭቃ የደፈነው መምህሩ አይደለም፤ «ድፈኑት» ነው ያለው። በበዓሉም ቀን ረዥም ዘንግ ይዞ «ይህ ማቅለጫ እቶን ነው፤ ይህ ባቡር ነው» እያለ ለእንግዶቹ ያስረዳ አንድ ተማሪ ነበር። አንድ እንግዳ «እሳቱ በምንድነው የሚነደው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልሱን ያውቀው ነበር፤ ከሦስት ቀን በፊት በዓይኑ አይቶታል። ጥቂት አሰበና «በኤሌክትሪክ» አለ። እንግዳውም ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

ያ ልጅ እኔ ነኝ።